ይዟል፣ አትንኪ

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል። በቤቱ ያለው ሶኬት ሁሉ ካልተነቀለ እንቅልፍ አይወስደኝም። የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ሰክተው ትራስ ሥር ሲከቱት ካየሁ ልቤ ከቦታዋ ትነሳለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም መጀመሪያ የምሮጠው የተሰጣ ልብስ ላስገባ ሳይሆን ቴሌቪዥኑን ልነቅል ነው። ‹‹አትንካ፣ አትንኪ›› ከአፌ አይጠፋም። ከልጅ ልጆቼ አንዱ አፉን ሲፈታ ‹‹እማ›› ከማለቱ በፊት ‹‹አቲንካ›› አለ እያሉ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ እንደሆንኩ መንቀሌን አልተውም።

ባለፈው ሰሞን ልጄ ወደ እኔ የመጣው ይህንኑ ፍርሃቴን ሊዋሰኝ ነው። ሴት ልጁ፣ የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ፣ ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ሆና ልትቀጠር ነው። የቆመ ልብ በኤሌክትሪክ የሚቀሰቅሰውን መሣሪያ ሳይቀር ሆዱን ከፍታ ልትነካካው። አባቷ ደግሞ ወንበር ላይ የሚያስቀምጥ፣ ወረቀት የሚያገላብጥ ሥራ አግኝቶላታል።

‹‹እማዬ፣ እኔን ከቁብ አትቆጥረኝም›› አለኝ። ‹‹አንቺ አንድ ቃል ከተናገርሻት ግን ትተወዋለች። መቼም ስለ ኤሌክትሪክ ለማስፈራራት እንዳንቺ ያለ ሰው የለም።››

እሺ አልኩት። እናት ለልጇ እሺ ማለት ይቀናታል። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተቀምጬ የማስበው የእሱን ልጅ አልነበረም፤ የእናቴን ወንበር ነበር።

ያ ወንበር መደገፊያ የሌለው፣ ሦስት እግር ያለው፣ መቀመጫው በሰው ብዛት የለሰለሰ ዱካ ነበር። ቤታችን መንገድ ዳር ነው። የፊት ለፊቱ ክፍል የሬድዮ መጠገኛ፣ የኋላው መኖሪያችን፤ በመሀል ያለው መጋረጃ ብቻ። እኔ ያደግሁት የቀለጠ የብየዳ ሊድ እየሸተተኝና የታመመ ሬድዮ ሲያቃስት እየሰማሁ ነው። ሠራተኛው አባቴ ነበር። እናቴ ከጎኑ ቆማ ፒንሳ ታቀብላለች፣ ካቻቢቴ ታቀብላለች፣ አምፖል ትይዝለታለች።

ከዚያ የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ብርጭቆ ላይ፣ ቀጥሎ አዝራር ላይ፣ በመጨረሻ የብየዳው ብረት ላይ። አንድ ቀን የገዛ አውራ ጣቱን አቃጠለና ብረቱን ማስቀመጫው ላይ አሳርፎ ከዱካው ተነሳ። ማንም ምንም ሳይላት እናቴ ተቀመጠችበት። ሬድዮው አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነበርና የቀረውን በየደችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ከኋላዋ ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአፉ ይሠራል፣ እሷ በእጇ። ውሎ አድሮ አፉም አላስፈለጋትም።

አክስቴ ይህ ነገር አንገቷ ላይ ቆሞባት ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴን ያሳደገችው እሷ ናት፣ ቤቱም የእሷ ነበር። የየክፍሉን ቁልፍ በአንድ ቀለበት ሰክታ ወገቧ ላይ ስለምታንጠለጥል፣ ከመድረሷ በፊት ድምጿ ይደርሳል። የሰፈሩ ልጆች ‹‹ቁልፎ›› ይሏታል፤ እኔም በሌለችበት እላታለሁ። ‹‹ወንድሜን ኮረንቲ በላው›› ትል ነበር፣ ለመጣው ለሄደው ሁሉ። እኔም አምኛት የአባቴን እጅ የነከሰው የትኛው ሬድዮ እንደሆነ ለማወቅ አንድ በአንድ እያየሁ እጠረጥራቸው ነበር። ትልቁን ቡናማውን በጣም እጠላዋለሁ። ምስኪን፣ ምንም አላደረገም። የአባቴ ነገር የነርቭ በሽታ ነበር፤ አትክልተኛም ቢሆን፣ አስተማሪም ቢሆን ይመጣበት ነበር። ዛሬ ስሙን ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል፤ ያኔ ስም ያወጣችለት አክስቴ ብቻ ነበረች።

አንድ ከሰዓት በኋላ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ለእናቴ እንዲህ አለቻት። ‹‹ባልሽን በልቶታል። አንቺን ሲበላሽ ደግሞ ቆሜ አላይም። እስካሁን ዝም ያልኩት ለራስሽ ብቻ ስለሆንሽ ነው። ሆድሽ ውስጥ ሌላ ነፍስ ያደረ ዕለት ግን ይህን ክፍል ለፀጉር አስተካካዩ እሰጠዋለሁ። አልሰማሁም እንዳትዪኝ።››

እናቴ ‹‹ሰምቻለሁ እትዬ›› ብላ መበየዷን ቀጠለች። እኔ ሌላ ነፍስ ሆድ ውስጥ ገብታ እንዴት እንደምታድር አሰብኩና ተውኩት። የትልልቅ ሰዎች ወሬ ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ግማሹን ትሰሚያለሽ፣ ግማሹን ራስሽ ትሞዪበታለሽ።

በዚያን ጊዜ እኔ በአባቴና በእናቴ መካከል ሦስተኛ እጅ ሆኛለሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ እንደ ክብሪት ሳጥን ትናንሽ መሳቢያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ላይ አባቴ እጁ ደህና በነበረበት ዘመን የጻፈው ቁጥር። በውስጣቸው ካፓሲተሮች አሉ፤ እንደ ምስር፣ እንደ ባቄላ፣ ሁለት ሁለት የሽቦ እግር ያላቸው። ‹‹ይሄ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ማሰሮ ነው›› ብላኛለች እናቴ። የማሰሮው ልክ የሚነገርበት ቋንቋ ግን ሰውን ያሳብዳል። የሬድዮው ንድፍ በማይክሮ ይናገራል፣ የአባቴ መሳቢያ በናኖ፣ ዕቃው ራሱ ገላው ላይ በፒኮ። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ሆኖ ሳለ አይግባቡም። እናቴ እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ በመካከላቸው አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

ያስተማረችኝ እንዲህ ነው። ‹‹ፋራድ የሚባል ቅድመ አያት አለ። ከትልቅነቱ የተነሳ እኛ ቤት አይገባም፤ እኔም አባትሽም በዓይናችን አላየነውም። ከሱ ሥር ሚሊ አለ፤ እሱ ከዘመድ አይገጥምም፣ ስሙን የሚያነሳው የለም። እኛ ጋ የሚመጡት ማይክሮ፣ ናኖና ፒኮ ናቸው። ማይክሮ አባት፣ ናኖ ልጅ፣ ፒኮ ደግሞ ገና በእቅፍ ያለ የልጅ ልጅ። ከአባት ወደ ልጅ ስትወርጂ ሦስት ዜሮ ትጨምሪያለሽ፤ ከልጅ ወደ አባት ስትወጪ ሦስት ዜሮ ታራግፊያለሽ። ነጥብ ካለች ደግሞ ነጥቧ ሦስቴ ትራመዳለች።››

‹‹ፋራድን ማን ቀበረው?›› ብዬ ጠየቅኋት።

አባቴ ከኋላ ሳቀ። እናቴ ግን ኮስተር ብላ ‹‹አልሞተም፤ ቤት አጥቶ ነው›› አለችኝ።

እኔም የአባቴ ወገኖች መስለውኝ ቀሩ። አክስቴ ‹‹ከዘመድ እንኳ ዞር ብሎ ያየን የለም›› እያለች ስታማርር በልቤ ማይክሮን ነበር የምረግመው። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ሺህ ናኖ አቅፎ የሚኖር ሰው፣ ወንድሙ እጁ ሲንቀጠቀጥ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አይልም?

አንድ ጊዜ መቶ ናኖ አምጪ ተብዬ መሳቢያውን ብከፍተው በውስጡ ያሉት በሙሉ ‹‹104›› የሚል ተጽፎባቸዋል። አባቴ ተሳስቶ የከተታቸው መስሎኝ በድል አድራጊነት ‹‹መቶ አራት ናቸው፣ በአራት ይበልጣሉ›› አልኩ። እናቴ አንዱን በወረንጦ አንስታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው። ‹‹የመጨረሻው ቁጥር ቁጥር አይደለም፤ ዜሮ ጠባቂ ነው። አሥር በዪ፣ ከኋላው አራት ዜሮ ደርድሪ። ስንት ሆነ?››

‹‹መቶ ሺህ።››

‹‹መቶ ሺህ ፒኮ። ሦስት ዜሮ አራግፊለትና ወደ አባቱ ላኪው።››

‹‹መቶ ናኖ። ታዲያ ዜሮዎቹን ለምን አይጽፏቸውም?››

‹‹ምስር በምታክል ገላ ላይ የት ላይ ይጻፉ? እዚህ ቤት ቦታ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም›› አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

የሚያስፈራው ግን ትንሹ አልነበረም። በትልልቆቹ ዕቃዎች ሆድ ውስጥ እንደ ጣሳ የሚቆም ወፍራም ካፓሲተር አለ። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ያጠራቀመውን አይለቅም፤ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚነካውን ይጠብቃል። እሱን በተመለከተ በቤታችን አንድ ሕግ ብቻ ነበር። እናቴ ወይም አባቴ ‹‹ይዟል›› ካሉ እጅ ወደ ኋላ ነው። ‹‹ይዟል፣ አትንኪ።›› ከዚያ እናቴ ሁለት ሽቦ የታሰረበትን አሮጌ አምፖል ታመጣና ሽቦዎቹን በጣሳው ሁለት እግሮች ላይ ታሳርፋለች። አምፖሉ ቦግ ይልና ቀስ ብሎ ይሞታል። ‹‹ተራገፈ›› ትላለች። አሁን መንካት ይቻላል።

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው። የከተማው ትልቅ አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ድምፁ ጠፍቶ፣ ዘበኛው በጋሪ ጭኖ ወደ እኛ አመጣው። የሰፈር ሬድዮ አልነበረም፤ የአዳራሹ ዕቃ በእናቴ እጅ ከዳነ ከዚያ በኋላ ዱካው የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንደማይኖር እኔም እንኳ ገብቶኛል። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ እኔ እዚያው መጋረጃው ሥር ተኝቼ፣ እነሱ የተኛሁ መስሏቸው፣ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጠይቃት ሰማሁ።

‹‹ይዘሻል እንዴ?››

‹‹ይዣለሁ።››

‹‹ከመቼ?››

‹‹ቆይቷል። እትዬ እንዳትሰማ ብቻ። ከሰማች በዚያው ቀን ከዱካው ታነሳኛለች።››

‹‹እስከ መቼ ትደብቂዋለሽ? እያደገ ይሄዳል እኮ።››

‹‹የአዳራሹን ዕቃ እስካስረክብ።››

የሰፈራችን ሴቶች ‹‹አርግዛለች›› የሚለው ቃል ስለሚከብዳቸው ‹‹ይዛለች›› ይሉ እንደነበር ዛሬ ለማንም መንገር አያስፈልገኝም። ያኔ ግን በቤታችን የሚይዝ ነገር አንድ ብቻ ነበር። እናቴ ኤሌክትሪክ ይዛለች። ስትበይድ ስትበይድ ትንሽ በትንሽ ተጠራቅሞባታል፤ እያደገ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ሰው ይነካታል።

ማስረጃው ደግሞ በየቦታው ነበር። ጠዋት ጠዋት የሊድ ሽታ ሲመጣ ፊቷ ይለዋወጥና ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ጭኗ ላይ ልወጣ ስል ‹‹ዛሬ አይሆንም፣ የኔ እናት፣ ቀስ በይ›› ትለኛለች። የናይለን ሻርፗን ስታወልቅ ጠሽ ጠሽ ይልና ፀጉሯ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ቧንቧው ጋ ውኃ የሚቀዱ ሁለት ሴቶች እናቴ ስታልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩና አንደኛዋ ‹‹ይዛለች መሰለኝ፤ ፊቷን አላየሽም?›› አለች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ማንም ግን የሚያራግፍላት የለም።

እናቴን መንካት ተውኩ። ካፓሲተር ሳመጣላት እጇ ላይ አላኖርም፤ የጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጬ ወደ ኋላ እላለሁ። ስትስመኝ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፤ ሳልሞት ሲቀር ዛሬ ተረፍኩ እላለሁ። እሷ ያኮረፍኩ መስሏት ‹‹ምን አድርጌሽ ነው?›› ትለኛለች። ምን ልበላት? የያዘው ጣሳ መያዙን ያውቃል?

አንድ ቀን ቆረጥኩ። ከምሳ በኋላ ምንጣፍ ላይ ጋደም ባለችበት አሮጌውን አምፖል ይዤ ተንበረከክሁ። አንዱን ሽቦ የቀኝ እግሯ አውራ ጣት ላይ፣ ሌላውን የግራዋ ላይ አሳረፍኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ። አምፖሉ አልበራም። እናቴ ዝንብ የነካት ይመስል ጣቶቿን አወዛወዘችና ተመልሳ ተኛች። ቀና ስል አባቴ ከወንበሩ ላይ ያየኛል፤ ትከሻው፣ እጁ፣ ሁለመናው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል። እሱም ተስፋ ቆርጦ የሚያለቅስ መሰለኝ። እየሳቀ ነበር፤ ጨዋታ መስሎት። እኔ ግን ደመደምኩ። አምፖሉ የማይችለው ያህል ይዛለች።

እናቴ ድምፅ ማጉያውን ልታስረክብ በነበረበት ቀን ገና ከሰዓት ሳይገፋ የቁልፍ ድምፅ ከመንገድ ተሰማ። እናቴ የዕቃውን ሆድ ከፍታ የመጨረሻውን የሞተ ካፓሲተር አውጥታ ነበር። አክስቴ ገባች። ከኋላዋ ፀጉር አስተካካዩ ቆሟል፤ ግድግዳውን ያያል፣ መስታወቱን የት እንደሚሰቅል እየለካ መሰለኝ። ወሬ ሄዶላት ይሁን ጥርጣሬ ብቻ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ብዙ ተናገረች። ድምጿ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም፤ ይቆራረጣል። ወንድሟን ቀብራ እንዳልጨረሰች፣ እጁ ብቻ ቀድሞ እንደሞተባት፣ ሌላ ሰው ደግሞ በዚህ ጠረጴዛ ላይ እንደማትሰጥ ተናገረች። ከዚያ ‹‹ተነሺ›› ብላ የእናቴን ክንድ ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

አክስቴን አልወዳትም ነበር፤ እንድትሞት ግን አልፈልግም። ያለ የሌለ ድምፄን አውጥቼ ጮህኩ።

‹‹አትንኪያት! ይዛለች!››

የአክስቴ እጅ ባለበት ቀረ። ቁልፎቿ እንኳ ዝም አሉ። ፀጉር አስተካካዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ እኔም በልቤ እሱስ ገብቶታል አልኩ። አክስቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥላ የእናቴን ፊት፣ ከዚያ ወገቧን አየች። ፊቷ አመድ ሲመስል አየሁት። የነካቻት መሰለኝ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ያን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም። ቁጣ አልነበረም። ሰው ተሸክሞት የቆየውን ዕቃ ሌላ ሰው ድንገት ተቀብሎ መሬት ሲያስቀምጥለት እንደሚያየው ያለ ነበር።

‹‹ልጄ አልዋሸችም፣ እትዬ። ይዣለሁ›› አለች።

‹‹እንግዲያው ተነሺ።››

‹‹አልነሳም።››

‹‹ለራስሽ ባታዝኚ ለሆድሽ እዘኚ። የወንድሜን እጅ ምን እንደበላው እያየሽ?››

ይሄኔ አባቴ ተነሳ። ለመነሳት ጊዜ ይፈጅበት ነበርና ሁላችንም ጠበቅነው። መጋረጃውን ይዞ ቆሞ፣ መጋረጃው ከእጁ ጋር እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። ‹‹እትዬ፣ አባታችን ሬድዮ ነክቶ ያውቃል?››

አክስቴ ቁልፎቿን በመዳፏ ጨበጠች።

‹‹ሲያጎርሰን እጁ እንዴት ነበር? አንቺ ታላቄ ነሽ፤ ከኔ ይልቅ አንቺ ታስታውሻለሽ። ማንኪያውን ከእጁ የምትቀበዪው አንቺ ነበርሽ።››

አክስቴ የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ታውቅ ነበር። ሁልጊዜም ታውቅ ነበር፤ ግን የሰው ደም ውስጥ ያለ ነገር አይነቀልም፣ ሶኬት ይነቀላል። እሷ የፈለገችው የሚነቀል ነገር ነው። ይህ የገባኝ ግን ልጆች ወልጄ፣ እኔም ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር የገዛ እጄን መመልከት ከጀመርኩ በኋላ ነው።

እናቴ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ብረቱ እንደጋለ ነው። ‹‹ዜሮ ነጥብ አንድ ማይክሮ›› አለች፣ ማንም በክፍሉ እንደሌለ ሁሉ። የምትናገረው ለእኔ ነበር።

ወደ መሳቢያዎቹ ሄድኩ። ዜሮ ነጥብ አንድ፣ ከአባት ወደ ልጅ። ነጥቧን አራመድኳት፤ አንድ፣ አሥር፣ መቶ። መቶ ናኖ። መሳቢያውን ሳብኩና ምስሯን አወጣሁ። አክስቴ ደርሳብኝ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብላ አየቻትና ‹‹መቶ አራት ነው የሚለው፤ ልጅቷ ተሳስታለች›› አለች። ምንም ይሁን ምን አንድ ስህተት ማግኘት የፈለገች ይመስለኛል።

‹‹የመጨረሻው ቁጥር ቁጥር አይደለም›› አልኳት። ‹‹ዜሮ ጠባቂ ነው።››

እናቴ ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋችልኝ። መዳፏ ተከፍቶ ይጠብቃል። የጠረጴዛው ጫፍ እዚያው ነው፤ እንደለመድኩት እዚያ ላይ አስቀምጬ መሸሽ እችል ነበር። አክስቴ ግን ታየኛለች። ፀጉር አስተካካዩ ያየኛል። እናቴን ‹‹አልነሳም›› ስትል ሰምቻት እኔ ወደ ኋላ ልል? ከያዘች ትያዝ፤ ከሞትኩም ልሙት ብዬ ካፓሲተሯን ከነጣቴ መዳፏ ላይ አደረግሁት። ጣቶቿ ጣቴ ላይ ተጠመጠሙ። ሞቃት ነበረች፣ ላብ ላብ ብሏታል። ሌላ ምንም አልነበረም።

በየደችው። ጭሷ ወጣና ጠፋ። ሶኬቱን ሰካች፤ ድምፅ ማጉያው ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህህ ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። ስፒከሩ በሩ ላይ፣ አፉን ወደ መንገዱ አዙሮ ተቀምጧል። ጠጋኝ ሁሉ ሲሞክር ‹‹አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት›› ነው የሚለው። እናቴ ማይክራፎኑን አነሳች፣ በጥፍሯ ኳ ኳ አደረገችው፣ ከዚያ አፏን አስጠጋች።

‹‹አልነሳም›› አለች።

መንገዱ ሁሉ ሰማ። በዚያ ማዶ ጫማ የሚጠግነው ሰው መዶሻውን አንስቶ ቀረ። ብስክሌት የሚነዳ ሰውዬ እግሩን መሬት ላይ አሳርፎ ዞሮ አየ። ቃሉ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ተመልሶ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ምንም ስንጥቅ የሌለበት የእናቴ ድምፅ።

አክስቴ ያለ አንድ ቃል ወጣች። ፀጉር አስተካካዩም ተከትሏት ሄደ፤ ሁለተኛ አልመጣም። አዳራሹም ዕቃውን ተረከበ፤ ከዚያ በኋላ የአዳራሹ ጣጣ ሁሉ እኛ ጋ ሆነ። አክስቴ ግን መጣች። ያቺ ሴት መቅረት አትችልም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በርጩማዋን በሩ ላይ አድርጋ ትቀመጥና፣ ሰላም እንኳ ሳትል፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ‹‹ነቀልሽው?›› ትላለች። እናቴ ‹‹ነቅያለሁ እትዬ።›› ‹‹አራገፍሽው?›› ‹‹አራግፌዋለሁ።›› እስክትወልድ ድረስ እንደዚያ ነበሩ። የተወለደው ወንድሜ ትንሽዬ ነበር፤ አባቴ በተንቀጠቀጠ እጁ አቅፎት ‹‹ይሄ ፒኮ ነው›› አለ። ዛሬ ሆዱ ከበር የማይገባ ሽማግሌ ሆኖ እንኳ ሁላችንም ፒኮ ነው የምንለው። እናቴ ዱካውን የለቀቀችው ዓይኗ ሲደክም ነው፤ ያም ቢሆን ማንም አላነሳትም፣ ራሷ ነው የተነሳችው።

የልጅ ልጄ ትናንት መጣች። አባቷም አብሯት መጥቶ፣ ሁለታችንን ለብቻችን ለመተው ብሎ ግቢው ውስጥ ቆየ። ለምን እንደተላከች ታውቃለች፤ ፊቷን አጠንክራ ነው የገባችው። ያንን ፊት ከእናቴ ላይ አውቀዋለሁ። እኔም ያዘጋጀሁትን ልናገር ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ አጠገቤ ቁጭ አለችና ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከጣቴ አንድ አንጓ የማይበልጥ፣ ሁለት እግር ያለው ጥቁር ነገር።

‹‹አያቴ፣ ይሄ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?››

‹‹ካፓሲተር ነው። ማይክሮ ነው ናኖ?››

‹‹አይደለም›› አለች፣ ሳቋ እያመለጣት። ‹‹ፋራድ ነው። ሙሉ አንድ ፋራድ። ማይክሮ በሚሊዮን።››

ተነስቼ መነጽሬን አመጣሁ። ቤት አጥቶ የኖረው ቅድመ አያት፣ እናቴ በዓይኗ ሳታየው የሞተችው፣ በሻይ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። ስድስት ዜሮ ደርድሬ አራገፍኩ፣ ደርድሬ አራገፍኩ። ልክ ናት።

‹‹ይዟል?›› አልኳት።

‹‹ባዶ ነው። አራግፌዋለሁ።››

አነሳሁት። አልዋሽም፣ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠች፤ የፍርሃቴ ይሁን የአባቴ መንቀጥቀጥ እግዜር ይወቅ። መዳፌ ውስጥ ጨበጥኩት። የአክስቴ ቁልፎች ወገቤ ላይ ሲንጫጩ የሰማሁ መሰለኝ። ልጄ አስፈራሪያት ሲለኝ ያቀበለኝ ያንን ቀለበት ነበር፤ ክፍሉን ዝጊባት፣ ብሎ።

‹‹እማዬ!›› አለ ልጄ ከደጅ። ‹‹ነገርሻት?››

‹‹ነገርኳት።››

‹‹ምን አልሻት?››

የልጅ ልጄ አየችኝ። እኔ ፋራዱን መዳፏ ላይ መለስኩላትና ጣቶቿን በጣቶቼ ጠቀለልኳቸው።

‹‹መጀመሪያ ንቀዪ አልኳት›› ብዬ ጮህኩለት፤ ደጅ ያለው ሁሉ እንዲሰማ። ‹‹ከነቀልሽ በኋላም እምነት አትጣዪበት፣ ቆይ በዪ፣ አራግፊው። ከዚያ ንኪ።››